የተዘጋ ኮኔክሽን ቁጥር ለሌላው ሲደርስ፦ የአንድ አሲንክ ሰርቨር ባግ እንዴት እንደተያዘ

ይህን የምጽፈው በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ሰርቨር ለሚሠሩ፣ በተለይ ኤፖል ወይም አይኦ ዩሪንግ (ብዙ ኮኔክሽን በአንድ ጊዜ ለማስተናገድ የሚያገለግሉ የሊኑክስ ዘዴዎች) ለሚጠቀሙ ነው። ፕሮግራማችሁ አይወድቅም። ሎጉ ላይ ስህተት የለም። እያንዳንዱ ጥሪ ተሳክቶ ይመለሳል። የአንዱ ደንበኛ መረጃ ግን ሌላው ጋ ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ዳታቤዙን መበርበር ከመጀመራችሁ በፊት የፋይል ዴስክሪፕተር ቁጥሮቻችሁን ተጠራጠሩ፤ ከርነሉ፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ለእያንዳንዱ ክፍት ፋይልና ኮኔክሽን የሚሰጠውን ቁጥር ማለቴ ነው። እኛ ወደዚያ የደረስነው ዙሪያ ጥምጥም ሄደን ነው፤ እናንተ በአቋራጭ ብትደርሱ ደስ ይለኛል።

የምሠራው ድሬዳዋ ነው። ሥራችን የጭነት መኪና መከታተያ ነው። ከድሬ ተነስተው በሽንሌ፣ በአዲጋላና በአይሻ አድርገው በደወሌ በኩል ጅቡቲ የሚገቡ መኪኖች ላይ ትንሽ መሣሪያ ይገጠማል። መሣሪያው በሞባይል ኔትወርክ ከሰርቨራችን ጋር ይገናኛል። መጀመሪያ ባለ 15 አሃዝ መለያውን ይልካል። ሰርቨሩ እሺ ይለዋል። ከዚያ ያለበትን ቦታ፣ ፍጥነቱንና ሰዓቱን ጠቅልሎ ይልካል። ሰርቨሩ ደግሞ ስንት ሪከርድ እንደተቀበለ በ4 ባይት ይመልስለታል። መሣሪያው ያቺን መልስ ሲያገኝ የላከውን ከራሱ ሚሞሪ ይሰርዛል። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ያዙልኝ። ትልቁ ጉዳት የመጣው በእሷ በኩል ነው።

ሰርቨሩ እኛ ጋ ሲደርስ ብዙ ያገለገለ የሲ ኮድ ነበር። አንድ ዋና ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሮጥ የሥራ መስመር) ኤፖል ላይ ቁጭ ብሎ ኢቨንት ይጠብቃል። አዲስ ኮኔክሽን ይቀበላል፤ የመጣውን ፓኬት ከፋይል ዴስክሪፕተሩ ቁጥር ጋር አድርጎ ወረፋ ውስጥ ይከታል። ሌሎች ትሬዶች ከወረፋው እያነሱ በዚያ ቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ ገብተው የማን መኪና እንደሆነ ያያሉ፣ ፋይል ላይ ይጽፋሉ፣ መልስ ይልካሉ። ሲታይ ምንም እንከን የለውም። ለአመታት ሠርቷል።

ችግሩን መጀመሪያ ያየችው የአንድ ደንበኛችን የስምሪት ኃላፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ካርታው ላይ ዓይኗን ተክላ የምትውል ሰው ናት። ደውላ፣ "አቦ፣ ይሄን ነገር እይልኝ። አይሻ ያለው መኪና ሽንሌ ታየኝ፣ ወዲያው ደግሞ ተመልሶ አይሻ ነው። በክንፍ ነው የሚሄደው?" አለችኝ።

መጀመሪያ ሁላችንም የሳተላይቱ ምልክት ተንሸራቶ ነው አልን። መንሸራተት ግን እንዲህ አያደርግም። ምልክት ሲንሸራተት መኪናው ከመንገድ ወጥቶ በረሃው መሀል ይታያል፤ በአስር ወይም በመቶ ሜትሮች ይስታል። ይህ ግን ልክ አስፋልቱ ላይ ነው የቆመው። ያቺን የተሳሳተች ነጥብ ይዤ ሰዓቷን እስከ ሴኮንዱ፣ ፍጥነቷን፣ የምትሄድበትን አቅጣጫ ከሌሎቹ መኪኖች ጋር አመሳከርኩ። በዚያች ሴኮንድ፣ በዚያ ፍጥነት፣ እዚያው ቦታ የነበረ ሌላ መኪና ተገኘ። መረጃው ትክክል ነው። የተሳሳተው ባለቤቱ ነው። ከዚህ በኋላ መሣሪያውንና ሲም ካርዱን መወንጀል አቆምን።

እዚህ ላይ ለአገራችን ልጆች አንድ ነገር ላስታውስ። የስምሪት ኃላፊዋ "ከሌሊቱ 9 ሰዓት" ስትለኝ ሰርቨሩ ሎግ ላይ 00:00 ነው፤ ሎጉ የሚጻፈው በዩቲሲ፣ ማለትም ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነውና። እንዲህ ያለውን ሥራ ስትጀምሩ ሁለቱን ሰዓት ጎን ለጎን የሚያሳይ ትንሽ ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሰው የነገራችሁን ሰዓት በተሳሳተ የሎግ ገጽ ላይ ስትፈልጉ ሌሊቱ ይነጋል።

ነገሩ የሚደጋገመው በሌሊት ነበር። ይህም ምክንያት አለው። ሾፌሮቹ ሙቀቱን ሽሽት በሌሊት ነው የሚነሱት፤ ተከታትለውም ነው የሚሄዱት። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሲገቡ በአንድነት ይጠፋሉ፤ ሲወጡ በአንድነት ይመጣሉ። መሣሪያዎቹም ያጠራቀሙትን ሁሉ ባንዴ ይዘረግፋሉ። ያኔ ወረፋው ይረዝማል። ከመሀላቸው የአንዳንዶቹ ኮኔክሽን ተመልሶ ይቋረጣል፣ ሰርቨሩ ይዘጋዋል፣ ወዲያው ሌላ መኪና ይገባል። ወረፋው ረጅም የሚሆነውና ቁጥሮች በፍጥነት የሚለዋወጡት በአንድ ሰዓት ነው። ቢሯችን ውስጥ በጥቂት መሣሪያ ስንሞክረው ምንም ያልታየን ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሊኑክስ ላይ ፋይል ስትከፍቱ፣ ሶኬት ስትፈጥሩ ወይም ኮኔክሽን ስትቀበሉ ከርነሉ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። የትኛውን ቁጥር? በዚያ ፕሮሰስ ውስጥ ነጻ ከሆኑት ሁሉ ትንሹን። ይህ ፖዚክስ የሚባለው የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች መስፈርት የደነገገው ነው እንጂ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ስለዚህ 41ን ዘግታችሁ ወዲያው አዲስ ኮኔክሽን ብትቀበሉ፣ ከ41 በታች ክፍት ቦታ ከሌለ፣ አዲሱ ኮኔክሽን ራሱ 41 ነው። አዲስ ሲም ካርድ ያወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቁጥሩ ቀድሞ የሌላ ሰው ስለነበረ የማያውቃቸው ሰዎች ደውለው ስለማያውቀው ጉዳይ ያዋሩታል። ደዋዩ አልተሳሳተም፤ የያዘው ቁጥር ትክክል ነበር። ስልኩም ይጠራል፣ ሰውም ያነሳል። መስመሩ "ባለቤቱ ተቀይሯል" የሚል ድምፅ የለውም። ከርነሉም እንደዚያው ነው። 41 ላይ ጻፍ ካላችሁት ይጽፋል፤ የትኛውን 41 ማለታችሁ እንደሆነ አይጠይቅም።

ሁሉም ነገር በተራ በሚሠራበት ኮድ ይህ ብዙም አያስቸግርም። ትጽፋላችሁ፣ ይመለሳል፣ ትዘጋላችሁ። አሲንክ (ውጤቱን ቆሞ የማይጠብቅ ኮድ) ሲሆን ግን በጥያቄውና በውጤቱ መካከል ጊዜ ይገባል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ የሆነ ቦታ ተጽፎ ይቆያል። እኛ ኮድ ውስጥ የተቀመጠው ወረፋው ላይ ነበር። ዋናው ትሬድ 41ን ዘግቶ ሲያበቃ፣ የ41 የድሮ ፓኬት ገና ወረፋ ላይ አለ። ሠራተኛው ትሬድ ሲደርስበት ሰንጠረዡ ላይ 41 አዲሱ መኪና ነው። ስለዚህ የድሮውን መኪና ቦታ በአዲሱ ስም ይጽፈዋል። ካርታው ላይ የበረረው መኪና ይኸው ነው።

ካርታው ግን ቀላሉ ጉዳት ነው። መልሱም የሚሄደው ለአዲሱ መኪና ነው። አዲሱ መሣሪያ ፓኬት ልኮ መልስ እየጠበቀ ከሆነና የሪከርዱ ብዛት ከገጠመ፣ "ደርሷል" ብሎ ከሚሞሪው ይሰርዛል። የእሱ ፓኬት ደግሞ ገና መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ያኔ ኮኔክሽኑ ከተቋረጠ ያ መረጃ ከሁለቱም ወገን ጠፋ። ሾፌር ነዳጅ ወይም ፍጥነት ላይ ተጠይቆ "እዚያ አልነበርኩም" ሲል የሚያምነው ሰው የሚያጣው እንዲህ ባለ መረጃ ምክንያት ነው። ይህ ባግ የሰው እንጀራ ይነካል። ስለዚህ ነው ቸል የማልለው።

እንዴት እጅ ከፍንጅ እንደያዝነው ልንገራችሁ። ፕሮግራም ለከርነሉ የሚያቀርበውን ጥሪ ሁሉ የምታሳየውን፣ ኤስትሬስ የምትባለውን መሣሪያ ታውቋታላችሁ። ማይነስ ኤፍ ስትጨምሩበት ሁሉንም ትሬዶች ትከተላለች። ማይነስ ዋይ ዋይ ስትጨምሩበት ከቁጥሩ ጎን የሶኬቱን አድራሻና ፖርት ትጽፋለች። ይህ ሁለተኛው አማራጭ እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ነው። ያለ እሱ 41 ዝም ብሎ 41 ነው፤ በእሱ ግን ሁለቱ 41ዎች የተለያዩ መሆናቸው ገጹ ላይ ይታያል። ሰዓቱንም በማይክሮ ሴኮንድ አስጽፏት። ያየነው እንዲህ ይመስላል (ክሎዝ መዝጋት፣ አክሰፕት አዲስ ኮኔክሽን መቀበል፣ ራይት መጻፍ ነው)፦

ትሬድ 1፦ ክሎዝ 41 (የመጀመሪያው መኪና አድራሻ)፣ ውጤት 0
ትሬድ 1፦ አክሰፕት፣ ውጤት 41 (የሁለተኛው መኪና አድራሻ)
ትሬድ 3፦ ራይት 41 (የሁለተኛው መኪና አድራሻ)፣ 4 ባይት፣ ውጤት 4

ሁለተኛው መኪና ገና መለያውን እንኳን አልላከም። ምንም ሳይል 4 ባይት መልስ ደረሰው። ሦስቱም ጥሪ ተሳክቷል። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ስህተቱ ያለው በመስመሮቹ መካከል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ኤስትሬስ ፕሮግራሙን ታዘገያለች፤ ሲዘገይ ደግሞ ትሬዶቹ የሚሽቀዳደሙበት ሁኔታ ይቀየራል። ባጉ ሊጠፋባችሁ ይችላል። ፕሮግራሙን እያቆመ የሚያስመረምረው ጂዲቢ ሲሆንማ ይብሳል። ፕሮዳክሽን ላይ የሚሻለው ሚሞሪ ውስጥ ክብ ሆኖ የሚጻፍ ትንሽ ሎግ ነው። በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ የትሬዱን መለያና የደንበኛውን አድራሻ ጻፉበት። ዲስክ ላይ አትጻፉ። ችግር ሲታይ ብቻ አውጥታችሁ አንብቡት።

ባጉን በፈለጋችሁት ሰዓት ለማስነሳት ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው ሽሚያውን ማስፋት ነው። ሠራተኛው ትሬድ ከወረፋ ካነሳ በኋላ፣ ከመጻፉ በፊት፣ ትንሽ እንዲተኛ አድርጉ። ከዚያ ላፕቶፓችሁ ላይ የሚገናኝና የሚቋረጥ ትንሽ የሙከራ ፕሮግራም አስነሱ። በየሌሊቱ አልፎ አልፎ የሚታየው ነገር ወዲያው ፊታችሁ ይደቀናል።

ሁለተኛው ዘዴ ተቃራኒው ነው፤ እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ቁጥር ተመልሶ እንዳይሰጥ ማድረግ። ኤፍሲንትል የሚባለው ጥሪ ኤፍ ዱፕኤፍዲ የሚል ትዕዛዝ አለው። "ይህን ፋይል ቅዳልኝ፤ ቁጥሩ ግን ከዚህ በታች አይሁን" ትሉታላችሁ። ለዲበግ በሚሠራው ቅጂ ላይ ኮኔክሽን በተቀበላችሁ ቁጥር እያደገ የሚሄድ ዝቅተኛ ቁጥር ስጡትና ቅዱት፤ የመጀመሪያውን ዝጉት። አሁን ማንኛውም ቁጥር አንዴ ከተዘጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። የድሮ ቁጥር ይዞ የሚጽፍ ኮድ ካለ ሌላ መኪና ላይ አይጽፍም፤ ኢባድኤፍ (ቁጥሩ ክፍት አይደለም) የሚለውን ስህተት ያገኛል። ያን ስህተት ባያችሁበት ቦታ ፕሮግራሙን አቁሙትና የጥሪውን ሰንሰለት አትሙ። ዝም ብሎ ያጠፋ የነበረው ባግ ስሙንና አድራሻውን ይናገራል። ፕሮሰሱ ስንት ፋይል መክፈት እንደሚችል የሚወስነውን የዩሊሚት ገደብ ከፍ ማድረግ አትርሱ፤ ብዙ ቦታ የሚጀምረው ከ1024 ስለሆነ ቁጥሩ ቶሎ ያልቅባችኋል።

የሚሞሪ ስህተት ፈላጊዋ ቫልግሪንድም የተከፈቱ ፋይሎችን የምትከታተልበት አማራጭ አላት። አንድሮይድ ላይ ለሚሠሩ ደግሞ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ኤፍዲሳን የሚባል ጠባቂ አለ። እያንዳንዱን ቁጥር ከባለቤቱ ጋር ያስረዋል፤ ባለቤቱ ያልሆነ ሊዘጋው ሲሞክር አንድሮይድ 10 ላይ በነባሪው ያስጠነቅቃል፤ ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ፕሮግራሙን ያስቆማል። ሊኑክስ ላይ ተመሳሳዩን በራሳችሁ ኮድ መሥራት ትችላላችሁ።

ሰው ይህን ባግ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚመጡለት መፍትሄዎች ውሃ የማያነሱ ናቸው። ስለእነሱ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም ከድጡ ወደ ማጡ የሚወስዱት እነሱ ናቸው።

"ከመጻፌ በፊት ቁጥሩ ክፍት መሆኑን ላረጋግጥ" የሚለው አለ። ቁጥሩ ክፍት ነው! ችግሩም ክፍት መሆኑ ነው። የተከፈተው ለሌላ ሰው ነው እንጂ።

"ራይት ላይ ሎክ ላድርግበት" የሚለው አለ። ሎኩ ሁለት ትሬድ በአንድ ጊዜ እንዳይጽፉ ያደርጋል። እዚህ ግን ሁለት ትሬድ አልተጋጩም። አንዱ ዘግቶ ጨርሶ ከሄደ በኋላ ነው ሌላው የመጣው። ሎኩን በወጉ ይይዛል፣ በወጉ ይለቃል፣ በወጉ የተሳሳተ ቦታ ይጽፋል።

"ክሎዙን ጥቂት ሴኮንድ ላዘግየው" የሚለው በጣም አደገኛው ነው፤ ምክንያቱም የሚሠራ ይመስላል። ባጉ ይቀንሳል፤ አይጠፋም። ዲስኩ የተጨናነቀ ቀን ወረፋው ከዚያ ጥቂት ሴኮንድ ይበልጣል። ያን ቀን የሚፈልገው ሰው ደግሞ "ይሄ እኮ ድሮ ተስተካክሏል" ብሎ በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ክሎዝ በሲግናል ተቋርጦ ስህተት ሲመልስ ደግመው የሚዘጉ ሰዎች አሉ። ሪድና ራይት ላይ መድገም ልማድ ስለሆነ ነው። ሊኑክስ ላይ ግን ክሎዝ እንዲህ ብሎ ሲመለስ ቁጥሩን አስቀድሞ ለቋል። ደግማችሁ ስትዘጉ ያንን ቁጥር በመሀል የወሰደውን የሌላ ትሬድ ፋይል ነው የምትዘጉት። ሊኑክስ ላይ ክሎዝን በፍጹም አትድገሙ። ኮዳችሁ ውስጥ ክሎዝን በሉፕ ውስጥ ያስገባ ሰው ካለ ዛሬውኑ አውጡት።

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ። ወረፋው ውስጥ ቁጥር አታስገቡ። የኮኔክሽኑን ኦብጀክት አስገቡ። ኦብጀክቱ ስንት ሰው እንደያዘው የሚቆጥር ቆጣሪ ይኑረው። ቁጥሩ የሚዘጋው የመጨረሻው ያዥ ሲለቀው ብቻ ነው። ቁጥሩ ካልተዘጋ ከርነሉ ለሌላ አይሰጠውም። ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው።

"ታዲያ መኪናው ሲቋረጥ ምን ላድርግ?" ካላችሁ፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በመጀመሪያ ኦብጀክቱ ላይ "ሞቷል" የሚል ምልክት አድርጉ። ቀጥሎ ከኤፖል አስወጡት። ከዚያ ሻትዳውን የሚለውን ጥሪ በሁለቱም አቅጣጫ ጥሩ። ሻትዳውን ግንኙነቱን ይቆርጣል፣ በሪድ ላይ የተኛ ትሬድ ካለ ይቀሰቅሰዋል፤ ቁጥሩን ግን አይለቅም። የዘገየ ትሬድ ቢመጣና ቢጽፍ ስህተት ያገኛል እንጂ ሌላ ሰው ላይ አይጽፍም። በተዘጋ ሶኬት ላይ ሲጻፍ ከርነሉ የሚልከውን ሲግፓይፕ የሚባለውን ሲግናል ግን ቀድማችሁ አጥፉት፤ አለበለዚያ ፕሮግራሙን ይገድልባችኋል። ሁሉም ከለቀቁ በኋላ ክሎዝ። በእኛ ሰርቨር ያደረግነው ይህንኑ ነው። መኪኖቹ መብረር አቆሙ።

ሌላም የሚደበቅበት ቦታ አለ። ኤፖል ስትጠሩ ኢቨንቶችን በጅምላ ይሰጣችኋል። ከጅምላው ሦስተኛውን ስታስተናግዱ የሰባተኛውን ኮኔክሽን ልትዘጉ ትችላላችሁ። እዚያው ዙር ውስጥ አዲስ ኮኔክሽን ተቀብላችሁ ያን ቁጥር ይወስደዋል። ሰባተኛው ጋ ስትደርሱ ኢቨንቱ የሟቹ ነው፤ ቁጥሩ የአዲሱ ነው። የኤፖል ማኑዋል ራሱ ስለዚህ ያስጠነቅቃል። መድኃኒቱ ትውልድ ቁጥር ነው። ኤፖል ለእያንዳንዱ ምዝገባ 64 ቢት የራሳችሁን መረጃ እንድታስቀምጡ ይፈቅዳል። 32ቱን ለፋይል ቁጥሩ፣ 32ቱን ደግሞ ኮኔክሽን በተከፈተ ቁጥር ለሚጨምር ቆጣሪ ስጡት። ኢቨንት ሲመጣ ቆጣሪው ከሰንጠረዡ ጋር ካልገጠመ ጣሉት።

ይህ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። ታዋቂው የዌብ ሰርቨር ኤንጂንኤክስ ይህንኑ በአንዲት ቢት ነው የሚሠራው። የኮኔክሽኑ ፖይንተር (የሚሞሪ አድራሻ) የመጨረሻዋ ቢት ሁልጊዜ ባዶ ስለሆነች እሷን ይጠቀምባታል፤ ኮኔክሽኑ እንደገና ሥራ ላይ በዋለ ቁጥር ይገለብጣታል። ኖድ ጄኤስ የተሠራበት ሊብዩቪ የሚባለው ላይብረሪ ደግሞ ሌላ መንገድ ይሄዳል። አንድ ቁጥር ሲዘጋ በእጁ ያለውን የኢቨንት ጅምላ ዞሮ ያንን ቁጥር የያዘውን ይሰርዛል። ሁለቱም ኮዳቸው ክፍት ነው። ገብታችሁ ብታነቡት እንዲህ ያለው ችግር ትልልቆቹንም እንደገጠማቸው ታያላችሁ።

ወደ አይኦ ዩሪንግ እየተሻገራችሁ ላላችሁ ደግሞ ነገሩ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። አይኦ ዩሪንግ ሊኑክስ ላይ የመጣው በ2019 በ5.1 ከርነል ነው። እዚያ ጥያቄ ስታስገቡ ከርነሉ ፋይሉን ይዞ ይቆያል። ቁጥሩን ብትዘጉም በሥራ ላይ ያለው ጥያቄ አይቋረጥም። ሶኬቱ ውስጥ ለውስጥ ክፍት ነው፤ ማዶ ያለው ሰው መዘጋቱን አያውቅም። ከዚህ የሚከፋው በፈሩ (ዳታው የሚቀመጥበት ሚሞሪ) ነው። "ዘግቼዋለሁ" ብላችሁ በፈሩን ብትለቁት፣ ከርነሉ ዘግይቶ ዳታ ሲመጣለት በዚያ ሚሞሪ ላይ ይጽፋል። በዚያን ጊዜ ያ ሚሞሪ የሌላ ኮኔክሽን ሊሆን ይችላል። ያው በሽታ ነው፤ ቁጥሩ ላይ የነበረው ሚሞሪው ላይ ወጣ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰርዙ። የመሰረዣው ጥያቄ ከ5.5 ጀምሮ አለ፤ በፋይል ቁጥር ሁሉንም ባንዴ መሰረዝ ደግሞ ከ5.19 ጀምሮ። ልብ በሉ፣ የመሰረዣው ጥያቄ የራሱ መልስ አለው፤ የተሰረዘውም ጥያቄ የራሱ መልስ አለው። በፈሩን የምትለቁት ሁለተኛው ሲመጣ ነው። የመሰረዣውን መልስ ብቻ አይቶ መልቀቅ ብዙ ቦታ ያየሁት ነገር ነው። ከርነሉ ራሱ ወረፋውን የሚቃኝበትን ዘዴ፣ ማለትም ኤስኪው ፖል የሚባለውን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሌላ ክፍተት አለ። ቁጥሩን ወረፋ ላይ ባስቀመጣችሁበትና ከርነሉ ባነሳው መካከል ብትዘጉት፣ ከርነሉ ሲደርስ በዚያ ቁጥር ያለውን አዲሱን ፋይል ነው የሚያገኘው።

ዊንዶውስ ላይም ሃንድሎች (የዊንዶውስ የፋይል ቁጥሮች) ተመልሰው ይሰጣሉ። እዚያ ካንስል አይኦ ኢኤክስ የሚባለውን የመሰረዣ ጥሪ ጠርታችሁ፣ ኦቨርላፕድ የሚለውን ስትራክቸር የማጠናቀቂያ መልእክቱ እስኪደርስ ድረስ ሳትነኩ አቆዩት። ሕጉ አንድ ነው።

ይህን ሁሉ አስተካክለን ሳለ ሌላ ምልክት መጣ። አንዳንድ ቀን ሰርቨሩ ሲፒዩውን መቶ በመቶ ይይዛል፤ የሚሠራው ግን ምንም የለም። የትውልድ ቆጣሪው የማይገጥሙ ኢቨንቶችን እየጣለ ነው፤ እነሱ ግን ማለቂያ የላቸውም። ምክንያቱ ይህ ነበር። ሰርቨሩ የድሮ ሎግ ለማመቅ አልፎ አልፎ ፎርክ አድርጎ (ራሱን ቀድቶ ልጅ ፕሮሰስ ፈጥሮ) ሌላ ፕሮግራም ያስነሳል። ልጅየው ፕሮሰስ የተከፈቱትን ሶኬቶች ሁሉ ይወርሳል። አንዱ የኮዱ ክፍል ደግሞ ከኤፖል ሳያስወጣ በቀጥታ ይዘጋ ነበር። ኤፖል የሚከታተለው ቁጥሩን ብቻ አይደለም፤ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን የተከፈተ ፋይልም ጭምር ነው። ልጅየው ያን ፋይል እስከያዘ ድረስ እኛ ብንዘጋውም ኤፖል ከመዝገቡ አይፍቀውም። ኢቨንት መላኩን ይቀጥላል። ሄዳችሁ አውጣው ብትሉት፣ ቁጥሩን ዘግታችሁታልና "የማላውቀው ቁጥር" ይላችኋል።

ይህንን ለማየት ፕሮክ በሚባለው የሊኑክስ ፎልደር ስር በፕሮሰሱ ቁጥር ገብታችሁ ኤፍዲኢንፎ የሚለውን ክፈቱ። የኤፖሉ ቁጥር ስር የሚከታተላቸው ሁሉ ተዘርዝረዋል። ከዚያ ኤፍዲ የሚለውን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጉ። በመጀመሪያው ኖሮ በሁለተኛው የሌለ ቁጥር ካለ ተገኝቷል። ቁጥሩ ለሌላ ተሰጥቶ ከሆነ ግን በሁለቱም ይታያል፤ ያኔ እዚያው ኤፍዲኢንፎ ላይ የተጻፈውን የራሳችሁን 64 ቢት መረጃ ከሰንጠረዡ ጋር አስተያዩ። ኮኔክሽን ስትቀበሉ አክሰፕት 4 የሚለውን ጥሪ ከክሎኤግዜክ ምልክት ጋር ተጠቀሙ፤ ፋይል ስትከፍቱም እንዲሁ። ያኔ ልጅየው ኤግዜክን (ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሳውን ጥሪ) ሲጠራ ሁሉም ይዘጉለታል። ኤግዜክ የማይጠራ ልጅ ከሆነ ግን ምልክቱ አይጠቅምም። እዚያ ማድረግ የሚቻለው ሁልጊዜ ከኤፖል አስወጥቶ መዝጋት ነው።